የጨረር ሕመም ይታከማል፤ «መድኃኒት የለውም» የምትሉ እባካችሁ አቁሙ

ከሮሳቶም (የሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ) ጋር የኒውክሌር ማመንጫው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ቴሌቪዥኑም ቲክቶኩም በጨረር ወሬ ተሞልቷል። ይወራ፣ ጥሩ ነው። እኔን ያናደደኝ ሰሞኑን አንድ የውይይት ፕሮግራም ላይ የሰማሁት ነው። አዘጋጁ አደጋ ቢደርስ ሆስፒታሎቻችን ዝግጁ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። እንግዳው የመለሰው፣ በጨረር የተጎዳ ሰው መድኃኒት ስለሌለው ለሕክምናው ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው፣ ለሕዝቡ የአዮዲን ክኒን ማደል ይበቃል ብሎ ነው። ማንም አላረመውም። ወደ ማስታወቂያ ሄዱ።

የአዮዲኑን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ክኒኑ የሚጠብቀው የታይሮይድ ዕጢን ነው፣ ሌላ ምንም። እሱም ጨረር ያለበት አዮዲን ወደ ሰውነት ከመግባቱ በፊት ወይም በገባ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተዋጠ ነው። መቅኒው ለተመታ ሰው አይረዳውም። አንጀቱ ለተጎዳም አይረዳውም። ይህንን «ይበቃል» ብሎ ለሕዝብ መናገር ሰውን ባዶ እጁን መስደድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «መድኃኒት የለውም» ወደሚለው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) በ1986 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት የነበረው የቼርኖቢል ኒውክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ አጣዳፊ የጨረር ሕመም እንደያዛቸው የተረጋገጠው ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ሰዎች 134 ነበሩ። አብዛኞቹ ሞስኮ ውስጥ 6 ቁጥር በሚባለው ሆስፒታል ታከሙ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት 28ቱ ሞቱ። 106ቱ ያንን ጊዜ በሕይወት አለፉ። ከ2 እስከ 4 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት የተቀበለው ጨረር መለኪያ ነው) አካባቢ ካገኛቸው 50 ሰዎች የሞተው አንድ ነው። አንድ! ከ4 እስከ 6 ግሬይ አካባቢ ካገኛቸው 22 ሰዎች ደግሞ 15ቱ ተርፈዋል። ሕክምና ባያገኙ ኖሮ 4 ግሬይ አካባቢ ላይ ግማሾቹ ይሞታሉ ተብሎ ነው የሚገመተው። ከ6.5 ግሬይ በላይ ካገኛቸው 21 ሰዎች 20ዎቹ መሞታቸውን አልክድም። ግን የአንዱን ምድብ ዕጣ ወስዶ ለሁሉም ማደል ምን የሚሉት ሳይንስ ነው?

እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት በ1999 ጃፓን ቶካይሙራ በሚገኝ የኒውክሌር ነዳጅ ማዘጋጃ ውስጥ በጨረር የተጎዳውንና 83 ቀን ተሰቃይቶ የሞተውን ሠራተኛ ነው። ከ16 ግሬይ በላይ ያገኘው ሰው ነበር። አዎ፣ እጅግ ያሳዝናል። ከሱ ጋር የነበረው ሁለተኛውም ከወራት በኋላ ሞተ። ሦስተኛው ሠራተኛ ግን ያነሰ ጨረር ነበር ያገኘው፤ ታክሞ ከሆስፒታል ወጣ። እሱን የሚያነሳው የለም። ቲክቶክ ላይ አይሸጥማ።

ሕክምናው ተአምር አይደለም፣ ምሥጢርም የለውም። ጨረር ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ይገድላል፣ በተለይ ደም የሚመረትበት መቅኒ ውስጥ ያሉትን። ሰውየው መጀመሪያ ያስመልሰዋል። ከዚያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ደህና ይመስላል። አደገኛው ጊዜ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሐኪሙ «ተሽሎሃል» ብሎ ወደ ቤቱ ይልከዋል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋሱና ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ያልቅና፣ ካልታከመ በኢንፌክሽንና በመድማት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚደረገው ግልጽ ነው። የጉዳቱ መጠን እንዲታወቅ መቼ እንዳስመለሰው ይጠየቃል። ሊምፎሳይቱ፣ ማለትም አንዱ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ይቆጠራል። ለብቻው ንጹሕ ክፍል ይተኛል። አንቲባዮቲክ፣ ፕላትሌት፣ ደም፣ ጉሉኮስ ይሰጠዋል። መቅኒው እንዲያገግም ፊልግራስቲም ይወጋል። ይህ መርፌ ካንሰር የሚያክም ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ለጨረር ሕመም ፈቅዶታል፣ እስከ 2021 ድረስም ቢያንስ ሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ተጨምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 አገሮች ለእንዲህ ዓይነት አደጋ ሊያከማቹ የሚገባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አውጥቷል። የቼርኖቢል ሐኪሞች እኮ ፊልግራስቲም አልነበራቸውም!

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ልሂድ። ሁሉም ሰው ስለ ማመንጫው ያወራል። ይህ ሕመም ግን ከቁራሌው በኩልም ይመጣል።

ብራዚል፣ ጎያንያ ከተማ፣ መስከረም 1987። አንድ የግል የካንሰር ሕክምና ተቋም ቦታ ሲቀይር የጨረር ማሽኑን ባዶ ሕንጻ ውስጥ ትቶት ሄደ። ሁለት ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ነቅለው ወሰዱት። ወዲያው ማስመለስ ጀመራቸው። አንዱ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የበላኸው ምግብ ነው ተባለ። ብረቱ ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠ፣ ካፕሱሉ ተበሳ፣ ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ፣ ጨረር የሚረጭ ሲዚየም 137 የሚባል ዱቄት ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ለማየት መጣ፣ ቆንጥሮ ወሰደ፣ ገላውን ተቀባው። ሰዎች መታመም ሲጀምሩ የተወሰኑት የቆላ በሽታ ሆስፒታል ገቡ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ነገሩን ያገናኘችው የነጋዴው ሚስት ናት። ቤተሰቡ ሁሉ የታመመው ያ ነገር ከመጣ በኋላ ነው ብላ ጠርጥራ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ብረቱን ከነዱቄቱ ጤና ቢሮ ወሰደችው። ሐኪሞቹ ያልጠየቁትን ጥያቄ እሷ ጠየቀች። እሷና የስድስት ዓመት ሕፃን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ። ከ112,000 በላይ ሰዎች ተመረመሩ፣ 249 ላይ ብክለት ተገኘ። ከተለየ በኋላ ለ46 ሰዎች ሲዚየሙን ከሰውነት የሚያስወጣው ፕሩሺያን ብሉ ተሰጠ። ቀብር ላይ ደግሞ ሕዝቡ ጨረሩ ይደርስብናል ብሎ ድንጋይ ወረወረ። ያም የመጣው ጨረርን ካለማወቅ ከሚመጣ ፍርሃት ነው።

በ2000 ታይላንድ ሳሙት ፕራካን፣ በ2010 ዴልሂ ማያፑሪ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሁለቱም ኮባልት 60 (ይህም ጨረር የሚረጭ ብረት ነው)፣ ሁለቱም ቁርጥራጭ ብረት ቤት፣ ሁለቱም ላይ ሰው ሞቷል።

እኛስ? ኮባልት ለካንሰር ሕክምና ለዓመታት ተጠቅመናል። ቃሊቲ የቆላ ዝንብ የሚያመክነው ማዕከል በጨረር ነው የሚሠራው። ቁራሌው ደግሞ በየሰፈሩ አለ፣ ምናለሽ ተራም አለ። ነገ አንድ ልጅ እያስመለሰው፣ እጁ እንደ እሳት ቃጠሎ ቆስሎ ቢመጣ፣ ተረኛው ሐኪም «ምን ብረት ነካህ?» ብሎ ይጠይቃል? እንደ አብዛኛው ዓለም እኛም ታይፎይድ ብለን የምንልከው ይመስለኛል።

የሕክምና ባለሙያውም ቢሆን በሽተኛውን የሚፈራበት ምክንያት የለም። ልብሱ ከወለቀና ከታጠበ አብዛኛው ብክለት ይሄዳል። ከውጭ ጨረር የመታው ሰው ደግሞ ራሱ ጨረር አይረጭም።

ስለዚህ ማመንጫው ይሠራ የሚል ሰው የሚከተለውንም አብሮ ይጠይቅ። ለድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች ሥልጠና ይሰጥ። ፕላትሌት የሚያዘጋጁ የደም ባንኮች ይጠናከሩ። የደም ሐኪሞች ቁጥር ይጨመር። ፊልግራስቲምና ፕሩሺያን ብሉ በመጠባበቂያ ይቀመጡ። እነዚህ ማመንጫው ባይሠራም ለካንሰር በሽተኞቻችን ዛሬ የሚያስፈልጉ ናቸው። የደም መቁጠሪያ ማሽኑ እኮ ብዙ ሆስፒታል ውስጥ አለ፤ የቸገረን ያስመለሰውን ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ደሙን ደግመን እንቁጠርለት የሚል ሐኪም ነው።