ከሶፍትዌሩ በፊት ደረሰኙን ተከተሉ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ (ድርጅቶች መረጃን በኮምፒውተር የሚይዙበትን መንገድ የሚያጠና ትምህርት) ተማሪዎች የድርጅቶችን ዲጂታል ሽግግር ሲማሩ ከሶፍትዌር ይጀምሩ ይላል። እኔ አልስማማም። እዚህ ጅማ የማስተምራቸውን ልጆች መጀመሪያ የምልካቸው ወደ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስመዝን ደረሰኙ በማን በማን እጅ ያልፋል? ስንቴ ይገለበጣል? ማን ይፈርማል? ዋናው ትምህርት እዚያ ነው። መዝገቡን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ሽግግር አይደለም። ሦስት ፊርማ ይፈልግ የነበረው ሥራ አሁንም ሦስት ፊርማ ይፈልጋላ!

ሲስተም ሲነደፍ የሚጠቀምበት ሰውም መታሰብ አለበት። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር በተራ ስልክም *127# ብሎ መጠቀም ይቻል ነበር። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው አልተረሳም፤ ይህን በየክፍሉ አነሳዋለሁ። በማኅበሩ ሚዛን ላይ የምትሠራዋን ልጅ ሳያናግር ሲስተም ነድፎ የሚመጣ ተማሪ ካለ፣ ተመልሶ እንዲሄድ አደርገዋለሁ።