ቅምሻውማ እንደ ድሮው ነው

ድሬዳዋ ውስጥ ሐረር ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ዘመድ የለውም። "እንዴት ዋልክ" ከመባሉ በፊት "ሐላዋስ?" ይባላል፤ የሐረሩ ጣፋጭ ማለት ነው። አምጪው ይዞ ሲመጣም ምስጋና የለም። ጠያቂው አንዴ ቆርሶ አፉ ያደርግና፣ "አቦ፣ ይሄ የድሮው አይደለም!"

በእርግጥም አይደለም። የልጅነታችን ሐላዋ ስኳሩ፣ ስታርቹና ዘይቱ እሳት ላይ ሲማሰል ቆይቶ፣ የጠጣውን ዘይት መልሶ መትፋት ሲጀምር ነበር የሚወርደው። የሄሉ ሽታ ወረቀቱን አልፎ ይመጣል፤ ደብቀህ መብላት አትችልም። ያሁኑ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ። ለውዙማ አይነሳ! ባቢሌ እኮ አፍንጫችን ስር ናት። ለውዝ በጆንያ የሚጫንበት አገር ቁጭ ብለን፣ ሐላዋ ውስጥ አንዲት ፍሬ ያገኘ ሰው ሎተሪ እንደወጣለት ለቤተሰቡ ያሳያል።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። አንዱ ስኳር ተወደደ ይላል፣ ሌላው ዘይት። አጎቴ ደግሞ "ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ምን ያልተበላሸ አለ?" ባይ ነው። ባቡሩ ግን በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲገባ ሐረርን ትቷት ነው። ከሐረር ሐላዋ ጭኖ አያውቅም። ይህን ብነግረው ተቆጣኝ።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ሌላ ነው። የቤት ኪራይ ሲጨመርብህ ማን ላይ ትጮሃለህ? መብራት ሲጠፋስ? ሐላዋ ሻጩ ግን ፊትህ ቆሟል፣ በስሙም ትጠራዋለህ። የኑሮው ንዴት ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል።

እሱም ቀላል ሰው አይደለም። መጀመሪያ ቅምሻ ይሰጥሃል። ቅምሻውማ እንደ ድሮው ነው፤ ሄሉም አለ፣ ለውዙም አለ። ቤት ገብተህ የተመዘነልህን ስትፈታ ነው ለውዙ የጠፋው። መንገድ ላይ፣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ወርዶ መሆን አለበት።

በቀደም ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዱን ያዝኩትና "የድሮው አይደለም" አልኩት። ይክዳል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"ወላሂ ልክ ነህ!" አለኝ። "እኔ ራሴ አልበላውም። የአባቴን ሐላዋ ብታየው!"

ስለ አባቱ ሐላዋ ሲያወራልኝ አንጀቴን በላው። ያዘዝኩት ግማሽ ኪሎ ነበር። አብረን እያዘንን አንድ ኪሎ መዘነልኝ።