እጁ ጸጥ ብሏል፤ እግሩስ?

ውሃ የሞላ ብርጭቆ ሳያፈስ ወደ አፉ ያደርሳል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህ የማይታሰብ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሮቹ ወለሉ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሰውነቱ ወደፊት ያዘነብላል፣ እግሩ እምቢ ይላል። ሰውነትን ከሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን ከሚያዘገየው የአንጎል በሽታ፣ ከፓርኪንሰን ታማሚ ጋር የሚኖር ሰው ይህቺን ቅጽበት በደንብ ያውቃታል።

ይህ ሰው በቀዶ ሕክምናው አንጎሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቀጭን ሽቦ (ኤሌክትሮድ)፣ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ደግሞ ባትሪ ተተክሎለታል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 130 ያህል የኤሌክትሪክ ምት እንዲልክ ይስተካከላል፤ 130 ሄርዝ ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳዊው ሐኪም አሊም ሉዊ ቤናቢድ ግሮኖብል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ፣ ምቱን ወደ 100 ሄርዝ ሲያፈጥኑት መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ሲጎድል እንቅስቃሴን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ከ13 እስከ 30 ሄርዝ በሚደርስ ምት ከልክ በላይ አብረው ይመታሉ። ሰውየው የሚገተረውና የሚዘገየው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ፈጣኑ ምት ይህን ይሰብረዋል። በ20 ሄርዝ አካባቢ ብታነቃቁት ግን እንቅስቃሴው ይብሱን ሊዘገይ ይችላል።

አካሄድ ላይ ሲደረስ ታሪኩ ይለያል። በ130 ሄርዝ እግራቸው የሚያዝባቸው አንዳንድ ታማሚዎች ወደ 60 ሄርዝ ሲወርድላቸው ይፈታሉ። ለሁሉም አይሠራም፤ ለሠራለትም ከጊዜ በኋላ ሊደክም ይችላል። የእጁ መንቀጥቀጥም ሊመለስ ይችላል። ከባድ ምርጫ ነው፤ እጅ ወይስ እግር? መወሰን ያለበት ታማሚው ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ መጻፍ ይፈልጋል፣ ሌላው ሳይወድቅ መጸዳጃ ቤት መድረስ።

የሚያናድደኝ ግን ታማሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የመሣሪያው ማስተካከያ ሲያልቅ ነው። እጅህን ዘርጋ፣ ጣትህን አጋጭ፣ በቃ፣ ጨርሰናል። ኧረ አስነሱት! ይራመድ፣ ይዙር፣ በጠባብ በር ይለፍ። የሚወስደውን መድኃኒት ሰዓትም ጠይቁት፤ እግሩን የያዘው የመድኃኒቱ ማለቅ ሊሆን ይችላልና።

ደግሞ አትቸኩሉ። መንቀጥቀጥ ለለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል። አካሄድ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ጠዋት የተስተካከለለት ሰው ከሰዓት በኋላ ያንኑ ኮሪደር እንደገና ይራመድበት።