አየህ? በቃ ተነስ!

"አየህ?" ይሉሃል። ዓይንህን ገና አላስጠጋህም። "አየህ አይደል? በቃ ተነስ፣ እኛም እንይ!"

ሰሞኑን ደሜን እያፈላው ያለው ይሄ ነው። ክረምት ነውና እንደ ብዙው የጎጃም መምህር እኔም ተማሪ ሆኛለሁ። ዓመቱን ሙሉ "ዝም በሉ!" ስንል የከረምን ሰዎች ሐምሌና ነሐሴ ላይ በተራችን "ዝም በሉ!" ይባልብናል። የዘንድሮው ኮርስ የባዮሎጂ መግቢያ ነው። ላብ፣ ማለትም ላቦራቶሪ፣ አለው። ላቡ ውስጥ ማይክሮስኮፕ አለ። እያንዳንዱ ማይክሮስኮፕ ፊት ደግሞ ስድስት ጎልማሳ አለ።

የመጀመሪያው ሥራ ሽንኩርት ነው። ከቀይ ሽንኩርት ውስጠኛ ገላ ላይ ስስ ሽፋን በፒንሴት ትገፋለህ። ስላይድ ላይ ትዘረጋዋለህ። አዮዲን ጠብ ታደርግበታለህ። ከቨር ስሊፑን፣ ስሱን መክደኛ መስታወት፣ በአንድ ጎኑ አቁመህ ቀስ እያልክ ታስተኛዋለህ፤ ከቸኮልክ አየር ይገባል። ከዚያ በትንሹ ሌንስ ትጀምራለህ፣ አራት እጥፍ በሚያጎላው። ቀጥሎ አሥሩ፣ ቀጥሎ አርባው። መጀመሪያ የምታየው ጨለማ ነው። ከዚያ የራስህን ሽፋሽፍት ታያለህ። ከዚያ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አቧራ። ሴሉ የሚመጣው ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል።

የእኛ ግሩፕ ግን ትዕግሥት አያውቅም። የሞጣዋ ጎንበስ ብላ ቀና አለች፦ "አየሁ"። የቢቸናው ተከተለ፦ "አየሁ፣ አየሁ፣ ኧረ በጣም ያምራል!" የደጀኑ ሰውዬ ጎንበስም በቅጡ አላሉም። "አየሁ" ብለው ደብተራቸው ላይ መሳል ጀመሩ። ምን እንደሳሉ ልንገራችሁ? ክብ። ዙሪያው ወፍራም ጥቁር፣ መሃሉ ባዶ። ሌሎቹ ደግሞ የእሳቸውን ደብተር አይተው ክብ ሳሉ። የሽንኩርት ሴል እኮ ረዘም ያለ፣ ማዕዘን ያለው፣ ጎን ለጎን ተገጣጥሞ የተደረደረ ነገር ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ የጠቆረው የአየር አረፋ ነው! አምስት ደመወዝተኛ መምህር አረፋ ስሎ፣ ከሥሩ "ሴል" ብሎ ጽፎ፣ ቀስት አውጥቶለታል። አንዱ እንዲያውም ኒውክለስ፣ የሴሉን እምብርት፣ ጨምሮለታል። ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል።

"ስድስት ሰው በአንድ ማይክሮስኮፕ ለምን?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላቡ ጀርባ መስታወት ያለው ትልቅ ቁም ሳጥን ቆሟል። ውስጡ አዳዲስ ማይክሮስኮፖች ተደርድረዋል። ሁለት ዓይን ያላቸው፣ ከሥራቸው አምፖል የተገጠመላቸው። ፕላስቲካቸው አልተገፈፈም። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ የታለ? ቁልፉን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። መቼ ይመለሳል? "እሱን እንኳ..." ይሉሃል፣ ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱትም። በዚህ አገር ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ መስክ የሚወጣው ለምንድን ነው? መስኩ ላይ ምን ቢኖር ነው?

የእናቴን ቡፌ አስታወሰኝ። ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ያጌጡ ብርጭቆዎች፣ በጽጌረዳ የተሳሉ ሳህኖች፣ ስኳር ገብቶበት የማያውቅ የስኳር ዕቃ። የቤቱ ሰው በጣሳ ይጠጣል፤ ብርጭቆው ለእንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ "ኧረ ይሄን ከሰበረብንስ" ተብሎ ለእሱም ሁለተኛ ደረጃው ብርጭቆ ይወጣል። ልጆቹ አድገው ቤት ሲለቁ ብርጭቆው እንደተደረደረ ነው። የእናቴን እረዳለሁ፤ በገዛ ገንዘቧ የገዛችው ነው። የላቡ ግን በማን ገንዘብ ተገዛ? ለማንስ? ከላይ ጎብኚ ቡድን ሲመጣ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል አሉ። አንድ ማይክሮስኮፕ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይገባል። ይሄን የሰማሁ ቀን ምሳዬን በቅጡ አልበላሁም። ማይክሮስኮፕ እኮ ሳይነኩት ቢያስቀምጡት አይወልድም! እንዲያውም በክረምት እርጥበት ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል።

እኛ የምንጠቀመው የጥንቱን ነው፤ ከሥሩ ትንሽ መስታወት ያለውን። ብርሃን ከመስኮት ይለምናል። የጎጃም ሐምሌ ደግሞ ለማንም ብርሃን አያበድርም። ጠዋት የተቀመጠ ደመና ማታም እዚያው ነው። መስታወቱን ወደ መስኮቱ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ እያደረግሁ የሰማይ ጭላንጭል ስፈልግ፣ የግሩፑ አለቃ ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። "አያ፣ አያያዝህ ልክ አይደለም፤ አምጣው እኔ ላሳይህ።" አመጣሁት። አልመለሱልኝም።

"አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው" የሚባለው ትዝ አለኝ። ይሄን ተረት እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ግን ልብ ብላችሁታል? በተረቱ ውስጥ ጥፋተኛው ባለ ጭብጦው ነው! ቀማኛው ምንም አልተባለም። ከብት ሲጠብቅ የዋለ ምስኪን እረኛ እናቱ የጋገረችለትን እፍኝ የማትሞላ ጭብጦ ይዞ ተቀምጧል። አንዱ ጎረምሳ መጥቶ ይነጥቀዋል። መንደሩ ተሰብስቦ ምን ይላል? "አያያዙ ልክ አልነበረም።" ታዲያ እንዴት ይያዝ? በሁለት እጁ? በጥርሱ? ቀማኛውን "ለምን ቀማህ?" የሚል ተረት እኔ አልሰማሁም። የሰማ ካለ ይንገረኝ። እስከዚያው ድረስ እኔ ከእረኛው ጎን ነኝ።

አለቆችን ካነሳን አይቀር፣ ከድሮ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያለ አንድ ነገር አለ። ለዲፕሎማ በተማርኩበት ዘመን የግሩፕ ሥራ ተሰጠን። ስለ አፈር መሸርሸር ነው። ግሩፑ ሲሰበሰብ ሁሉም ሰው ለቅሶ ነበረበት። እኔ ብቻ ነኝ ዘመድ ያልሞተብኝ። በኩራዝ ጽፌ ጨረስኩት። አለቃው ወሰደው፣ ሽፋን ሠራለት፣ በትልቅ ፊደል የራሱን ስም ከላይ ጻፈ። የእኔን መጨረሻ ላይ ጻፈው፤ ያውም የአባቴን ስም አሳስቶ። ውጤት ሲመጣ እሱ ኤ፣ እኔ ቢ። ለምን ሲባል "አቅርቦቱን በሚገባ መርቷል" ተባለ። ምኑን ነው የመራው? ስቴፕለሩን? በኋላ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲመጣ "አንዱ አምስቱን ይረዳል" ተብሎ ሲሰበክ፣ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ አንዱ ማን እንደሚሆን፣ አምስቱን ማን እንደሚሸከም አውቅ ነበር። ሰውየው ዛሬ ትልቅ ቦታ ነው ያለው። ገበያ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ነህ ወንድምዓለም!" ብሎ ያቅፈኛል። እኔም አቅፈዋለሁ። ጎጃሜ ነኛ፤ ሆዴ ሌላ፣ እቅፌ ሌላ።

ምን እያልኩ ነበር? ማይክሮስኮፕ።

ማኑዋሉ ላይ ሮበርት ሁክ አለ፤ በ1665 እ.ኤ.አ. የቡሽ ቁራጭ አይቶ፣ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ክፍሎች "ሴል" ብሎ የሰየመ እንግሊዛዊ። እኔን የሚማርከኝ ግን ሆላንዳዊው ሊዌንሁክ ነው። ዴልፍት በምትባል ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዲግሪ የለው፣ ዲፕሎማ የለው። ሌንሱን ራሱ እየሞረደ ይሠራል። በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ቆሻሻ በሌንሱ አይቶ፣ ውስጡ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጡራን እንዳሉ ለለንደን ሊቃውንት ጻፈላቸው። እነዚያ ፍጡራን ባክቴሪያ ነበሩ። ለምን ቻለ? ብቻውን ነበራ! ከኋላው አምስት ሰው ቆሞ "አየህ? ተነስ!" አላለውም። የደጀኑ ሰውዬ ዴልፍት ቢኖሩ ኖሮ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ባልታወቀ ነበር።

የራሳችንም ሰው አሉን። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ ወደ ወንዝ ወረዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ቢልሃርዝያን የሚያሰራጨው ቀንድ አውጣ ነው። ነገሩን አያይዘው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ደረሱበት። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙበት። እዚህ ጎጃምም እናቶቻችን ጋቢ በእንዶድ ሲያነጡ ነው ያደግነው። በዚያ ወንዝ ስንቱ ተሻገረ፣ ስንቱ ከብት አጠጣ! ቢጠየቅ ሁሉም "ቀንድ አውጣ? አየሁ" ይላል። ቆሞ ያየ ግን ሌላ ነው።

ሪፖርቱ ደግሞ አለላችሁ። የላብ ሪፖርት እኛ ጋ አይጻፍም፤ ይወረሳል። ሲኒየሮች ለጁኒየሮች በፍላሽ ያወርሳሉ፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራም። ስም ይቀየራል፣ ቀን ይቀየራል፣ ይታተማል። ባለፈው የእኛን አነበብኩት። "ዕለቱ ፀሐያማ ስለነበረ በቂ ብርሃን አግኝተናል" ይላል። ፀሐያማ! ሐምሌ ላይ! ቡትስ ጫማ አድርገን፣ ጃንጥላችንን በሩ ሥር ደርድረን፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ እየደለቀ መምህሩን መስማት ባቃተን ቀን! የጻፈው ሰው መደበኛ ተማሪ ነበር መሰለኝ፤ ኅዳር ላይ ነው የተማረው። አለቃችንን "ይሄንን እንኳ እናውጣው" ብላቸው "ተወው፣ እነሱ ሙሉ ማርክ አግኝተውበታል" አሉኝ።

ይሄ የሚያናድደኝ የት እንዳለን ስለማውቅ ነው። ጎጃም ነን እኮ። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ ቅኔ ቤቶች አገር። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቅኔ ተማሪ፣ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እያደረ፣ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ ቢደግም ቅኔ አይባልለትም። የሰው ቅኔ ሰርቆ ቢገኝማ ጓደኞቹ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡታል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ የራሱ መሆን አለባት። እኛ ስልክ ይዘን፣ አበል እየተቆረጠልን፣ የሌላ ሰው ፀሐይ እንገለብጣለን።

በዚህ መሃል የጉንጭ ሴል ደረሰ። ስቴኪኒ ይዘህ የጉንጭህን ውስጥ በቀስታ ትፍቃለህ፣ ስላይድ ላይ ትቀባለህ፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ታደርግበታለህ። ነሐሴ ገብቷል፤ ፍልሰታ ነው። የደጀኑ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። "መምህር፣ አፍ ውስጥ እንጨት መክተት ጾም አይገድፍም ወይ?" ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ማኑዋሉን ገልጠው አሳዩ፦ ርዕሱ "የእንስሳ ሴል" ይላል። እንስሳ ከሆነ ሥጋ ነው፣ ሥጋ ከሆነ ፍስክ ነው። ተከራካሪ ተነሳ። የሞጣዋ "ካልዋጡት ምን አለበት?" አለች። የቢቸናው "ምራቅ ይዞት ቢወርድስ?" አለ። አስተማሪያችን ልጅ እግር ነው፣ ከእኛ ተማሪዎች ብዙም አይበልጥ፤ ግራ ገባው። በመጨረሻ "ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርብዎት፣ የሌላ ሰው ያያሉ" አላቸው። ተገላገሉ። የሞጣዋን ጉንጭ ስላይድ አስጠጉላቸው። ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። ምን እንዳሉ ታውቁታላችሁ።

የተግባር ፈተናው ደርሷል። ማይክሮስኮፖች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ሥር ስላይድ ይቀመጣል፣ ደወል ሲደወል እየተዘዋወርን ያየነውን እንጽፋለን። ያኔ እናያለን ብዬ ስዝት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የአቀማመጡ ተራ ትናንት በቴሌግራም መጥቷል።

የሚቀጥለው ላብ ድንች ነው። አንዱን ቁራጭ ጨው ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክረን፣ ውሃ ከየትኛው እንደወጣ የትኛው እንደጠጣ እናያለን። አለቃችን ለድንች ብር እየሰበሰቡ ነው። ለሽንኩርቱም ሰብስበው ነበር። ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ላቡ የተጠቀመው ጥፍር የማታክል ሽፋን ነው፤ ቀሪው የማን ሽሮ ውስጥ እንደገባ ሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም። "እኔ ድንቼን ከቤት አመጣለሁ" አልኳቸው። "ግሩፑን አታምነውም ማለት ነው?" ብለው ተቀየሙ። ድንቹን አመጣለሁ። ብሩን ግን አስቀድመው ተቀብለውኛል።