ለትዝታ ፈቃድ የሚሰጥ ሰፈር

በባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ፣ በእኛ ሰፈር፣ ጥቁር ከናቴራ ከገላቸው የማይለይ አራት ወጣቶች የሜታል (የጩኸታም ሮክ) ባንድ አቋቁመው፣ የቆዩ የአገር ዜማዎችን በራሳቸው መንገድ የሚጫወቱበትን አልበም በአንዲት የኪራይ ክፍል እየቀረጹ ነው። ነገሩ በሙያው ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ዝነኛው ባንድ ሜታሊካም በ1998 እ.ኤ.አ. የሌሎችን ዘፈኖች ብቻ ሰብስቦ «ጋራዥ ኢንክ» የተባለ ባለሁለት ዲስክ አልበም አውጥቷል። ሜታሊካን ግን የዕድር ዳኛ መጥቶ ያረመው አይመስለኝም።

እኔ የጠበቅሁት የጩኸት አቤቱታ ነበር። ሆኖም ንጋት በድምፅ ማጉያ፣ ቅዳሜ በሙሽራ መኪና ጡሩንባ የሚናወጥ ሰፈር ከበሮ አያስደነግጠውም፤ ያስቆጣው የዜማው መነካት ነው። አከራያቸው ቡና ይዘውላቸው ገቡና፣ «ልጆቼ፣ መጮኹን ጩኹ፤ ግን እዚያች ቦታ ላይ ዝቅ ይባላል እንጂ እንዲህ አይጎተትም» ብለው አርመዋቸው ወጡ። በማግስቱ ባለሱቁ፣ ከዚያ ባጃጅ ነጂው ተከተለ። ሕጉ እንኳ ይህን ያህል አይጠብቅም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠይቀው የባለመብቱን ፈቃድ ነው፤ ደራሲው ለማይታወቅ የሕዝብ ዜማ ግን፣ እንደ ሰፈራችን ትርጓሜ፣ ባለመብቱ ጆሮ ያለው ሁሉ ነው።

ዋናውን ክርክር ያነሡት፣ በወጣትነታቸው ጥሩምባ ይነፉ እንደ ነበር የሚናገሩት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «ይህ ሙሉ ትዝታ ነው ወይስ ግማሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ሁለቱን የትዝታ ቅኝቶች (የድምፅ ቅደም ተከተሎች) ከሚለዩት ድምፆች አንዱ ከመነሻው ሦስተኛው ነው፤ የሜታል ጊታር ደግሞ ዲስቶርሽኑ (ሆን ተብሎ የሚሻክረው ድምፅ) እንዳይደፈርስበት ከመነሻው ድምፅ ጋር አንድ አጃቢ ብቻ መትቶ ያንኑ ሦስተኛውን ይዘልለዋል። ስለዚህ ድምፃዊው እስኪገባ ድረስ ትዝታው ሙሉም ግማሽም ሊባል ይችላል፤ ድምፃዊው ሲገባ ደግሞ የጣናን ጉማሬ በሚያስንቅ ጉርምርምታ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ሳይወሰን ይቀራል።

ዳኛው ነገሩን በዕርቅ ለመጨረስ፣ ራሳቸው የገጠሟት ስንኝ አልበሙ ውስጥ ብትገባ ቅሬታቸውን እንደሚያነሡ አስታወቁ። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ማለት ለለመደ ሰው ጥያቄው ነውር የለውም። (አዝማሪው ግን ሲቀበል ቢያንስ ይሸለማል።) ልጆቹ «እሺ፣ ጋሼ» አሉ።

ባለፈው እሑድ የተቀረጸውን አሰሟቸው። እኔ አንዲት ቃል እንኳ መለየት አልቻልሁም፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ሌላው ሁሉ ጩኸት ነው፤ የእኔዋ ስንኝ ብቻ ጥርት ብላ ትሰማለች» ብለው መረቋቸው። መብራት ጠፍቶ ስንኟ ገና እንዳልተቀረጸች ድምፃዊው የነገረኝ እርሳቸው ከወጡ በኋላ ነው።