መርሴዲሱን የት እናቁመው?

አበሻ ለሽርሽር ሲሰናዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በማን መኪና ነው?» ብሎ ነው። የት እንደሚኬድ ቀስ ተብሎ ይደረስበታል። መኪናው ከታወቀ የሚሰማው ዘፈን፣ የመነሻው ሰዓት (ማለትም ከተባለው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ) እና መንገድ ላይ የሚኳረፉት ሰዎች ስም ዝርዝር ሳይቀር አብሮ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ፊት ቀርቦ «ዘንድሮ መኪና የማይገባበት መንደር እንሂድ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ፍራንክፈርት ያለችው ታናሽ እህቴ ድፍረቱ ስላልነበራት በብልሃት ገባችበት። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጀመሪያ ተራራውን ለጠፈች፤ ቀጥላ በረንዳቸው ላይ አበባ የተደረደረባቸውን የእንጨት ቤቶች፤ ቀጥላ ሐይቁን። ሁሉም ልብና እሳት ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ ነው «በነገራችን ላይ...» ያለችው።

መንደሯ ዘርማት ትባላለች። በስዊዘርላንድ፣ ቫሌ በሚባለው ካንቶን (ክልል እንደማለት ነው)፣ የጣልያን ድንበር ሥር ናት። አምቡላንስና እሳት አደጋን ከመሰለው በቀር ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ መኪና አይገባባትም። መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ከታች ካለችው ቴሽ ከምትባል መንደር ወደ ላይ የሚወጣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ፈቃድ ለሌለው ግን ዝግ ነው። እንግዳ የተባለ ሁሉ ቴሽ ላይ ከ2000 በላይ መኪና በሚይዘው ባለ ጣሪያ ማቆሚያ መኪናውን ይተውና፣ በየ20 ደቂቃው በሚነሳው ባቡር ተሳፍሮ በ12 ደቂቃ ይገባል።

ይህን ስታስረዳ፣ ሽቱትጋርት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ፈቃድ ለሌለው» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማም።

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?»

«አይሰጥም። ለነዋሪና ለባለ ሥራ ነው።»

«እሱማ የሚባለው ነው። እዚያ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ አንድ አበሻ አይጠፋም። እሱ ይነግርልናል።»

እንግዲህ አንድ ሳህን አጣቢ ወገናችን፣ መኖሩ እንኳ ሳይረጋገጥ፣ የቫሌ ካንቶንን ሕግ እንዲያስለውጥልን ተመደበ። ስልኩ እየተፈለገ ነው። «ሎዛን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት አሉ» የሚል ጭምጭምታም ደርሷል።

በእርግጥ የአክስቴ ልጅ አይፈረድበትም። መርሴዲሱ የወር ክፍያው ገና አላለቀም፤ ሰው ያላየው መኪና ደግሞ ክፍያው ይረዝማል። የእሱ ጉዞ ሁሉ የሚጠናቀቀው በአንድ ፎቶ ነው፦ በሩ ገርበብ፣ ክንድ ጣሪያው ላይ ጣል፣ ከኋላ ተራራ። ቴሽ ላይ ግን ከኋላ የሚገኘው የኮንክሪት ምሰሶ ነው። እህቴ ይህን ስትነግረው ለረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው...» የሚለው ምልክት ታየና ምንም ሳይጻፍ ጠፋ።

ሐዘኑ የበረታው ግን የመንገዱን ካርታ ሲከፍት ነው። ከሰሜን ለሚመጣ አቋራጩ በሎችበርግ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካንደርሽቴግ ላይ መኪናው ከነተሳፋሪው ባቡር ላይ ይጫንና የተራራውን ሆድ ሰንጥቆ ጎፐንሽታይን ላይ ይወርዳል።

«እንግዲህ መርሴዲሱም ራሱ ባቡር ተሳፋሪ ነው» አሉ ጋሼ። «እኛ ብንሳፈር ምን ያስነውራል?»

ጋሼ ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ ነጂ ናቸው። በአገራቸው መሐንዲስ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚውሉ ሰው ስለሆኑ «መኪና የለም» የሚለውን ዜና የሰሙት እንደ ምሕረት አዋጅ ነው። ደግሞም ማንበብ ይወዳሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ዘርማትን ከዘርማት ሰዎች በላይ አውቀዋት አደሩ። ከታች ቪስፕ ከምትባል ከተማ የሚነሳው ባቡር መንደሯ የገባው እ.ኤ.አ. በ1891 መሆኑን፣ ከመንደሯ ወደ ጎርነርግራት 3089 ሜትር ድረስ ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ባቡር 1898 ላይ መከፈቱን ነገሩን። ከዚያ ወዲያ ማንም አላቆማቸውም። «ምኒልክን በባቡር ጉዳይ የወተወተው፣ እ.ኤ.አ. በ1894ም ፈቃዱን የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ስዊዝ አልነበረም እንዴ? ሰዎቹ በባቡር አይታሙም» አሉ። የአክስቴ ልጅ የአውራ ጣት ምልክት አደረገላቸው፤ ወደ ታች የሚያሳየውን ነው።

ቀጥሎ የሞከረው ሌላ መንደር መፈለግ ነበር። ዛስ ፌን አገኘ፤ ጎረቤት ሸለቆ ናት፤ መኪና መንገድ የደረሰላት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። መንገዱ ሲደርስላት መኪኖቹን መግቢያዋ ላይ አስቁማ ማስገባቱን ተወችው። ቬንገንን አገኘ፤ እዚያም በባቡር ነው። ሙረንንም አገኘ፤ አይገባም። «እነዚህ ሰዎች መርሴዲስ ምን በደላቸው?» አለ። የገባው ነገር ቢኖር ሕዝቡ መኪና የማይደርስበትን ቦታ ፍለጋ በመኪና ተሰልፎ እንደሚመጣ ነው፤ ይህን ደግሞ እሱ ብቻ ሳይሆን የማቆሚያው ባለቤትም ያውቃል።

እትዬ ከአዲስ አበባ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ልጆቻቸው ጋ ሊሰነብቱ፣ አውሮፓንም ሊያዩ። እህቴ በእሳቸው ተማምናለች፤ ፀጥታና ንጹሕ አየር የሚወድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ብላ።

«እትዬ፣ መኪና የሌለበት መንደር ልንወስድዎት ነው።»

«ውይ ልጄ፣ ለእሱማ ለምን ትደክማላችሁ? እኛም ጋ በወር አንድ እሑድ መንገዱ ተዘግቶ ሕፃን ኳስ ይራገጥበታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያየነው ነው።»

«አይ፣ ይሄ ሁልጊዜ ነው። ያሉት ትንንሽ ባለ አራት ማዕዘን የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ ናቸው። እዚያው መንደር ነው የሚሠሯቸው። ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበልጡም።»

«ኤሌክትሪክ? እኛ አገር እኮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ቆየ። የጎረቤቴ ልጅ መኪናውን ሌሊት ከሳሎን በተሳበ ገመድ ነው የሚሞላው። ከ20 አይበልጥም ላልሽው ደግሞ፣ ከመገናኛ ሲኤምሲ በሥራ መውጫ ሰዓት ማን 20 ደርሶ ያውቃል?»

እህቴ ይህ መንገድ እንደማያዋጣ ስታውቅ ወደ ከፍታው ዞረች። ቁም ነገር አስመስላ «ተራራ ስለሆነ እትዬ፣ መጀመሪያ ቀን ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ አየሩ ይሳሳል» አለቻቸው።

«ምን ያህል ከፍታ ነው?»

«1600 ሜትር።»

እትዬ የተወለዱት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚያ የሚኖር ሰው አየር ይሳሳል ሲባል አይሰማም፤ የሳሳው አየር ነው ያሳደገው። ሳቃቸው ሲያበቃ ዓይናቸውን ጠርገው «ቆላ ልትወስዱኝ ነዋ! ወባ አለው?» አሉ። ጋሼ ነገሩን አባባሱት። የዘርማት ባለ ስም ተራራ ማተርሆርን 4478 ሜትር መሆኑንና ራስ ዳሽን ከ4500 በላይ ስለሆነ እንደሚበልጠው አስታወቁ። «ባሌ ቱሉ ዲምቱ ላይማ 4377 ሜትር ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል» ሲሉ፣ ለረጅም ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ የቆየው የአክስቴ ልጅ ከሽቱትጋርት «እና ለምን ባሌ አንሄድም?» ብሎ ጻፈ። ለዚህ መልስ የሰጠ የለም።

ማተርሆርንን እኛ በመጀመሪያ የምናውቀው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። አገር ቤት ስንገባ ለዘመድ የምንሸከመው ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቶብለሮን ቸኮሌት ማሸጊያ ላይ የነበረው ተራራ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የምርቱ ከፊል ወደ ስሎቫኪያ ሊሄድ ሲሆን፣ የስዊዝ ሕግ አገራዊ ምልክት ላይ ጥብቅ ስለሆነ፣ ተራራው ከማሸጊያው እንዲነሳና በሌላ ተራራ ሥዕል እንዲተካ ተወሰነ። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ከልባቸው አዘኑ። «ድንበር ሲሻገሩ ማዕረግ መገፈፍ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ፤ የምህንድስና ዲግሪያቸው ታክሲው ኪስ ውስጥ፣ ከደረሰኝ ደብተሩ ሥር ነው ያለው።

የተራራው ታሪክ ለእትዬ መነገር አልነበረበትም። ጋሼ ግን ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1865 ሐምሌ እንግሊዛዊው ዊምፐር ከነጓደኞቹና ከነመሪዎቹ ሰባት ሆነው ጫፉን ረገጡ፤ ሲወርዱ ገመዱ ተበጥሶ አራቱ ገደል ገቡ። የተበጠሰው ገመድ ዛሬም መንደሯ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። እትዬ ሻሻቸውን አጥብቀው «ይሄን ለማየት ነው ገንዘብ የሚከፈለው? ለመሆኑ ተዝካራቸው በወጉ ወጥቶላቸዋል?» ሲሉ፣ እህቴ ተራራ ሲወጡ የሞቱት ሰዎች መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ጉዞው ከሽርሽር ወደ ልቅሶ መድረስ ተለወጠ፤ እትዬም ጥቁር ነጠላቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተቱ። ሳይደርሱ መቅረት ነውር ነው ብለዋልና፣ እህቴ ብዙ ደክማ ያላገኘችውን ድምፅ የ1865 ሟቾች አስገኙላት።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጭነቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ለማሳለፍ የሚሄድ የአበሻ ቤተሰብ ጭነት አንድ ወረዳ ለማስፈር ይበቃል። እንጀራ (በፕላስቲክ ተጠቅሎ)፣ ዶሮ ወጥ፣ ንጥር ቅቤ፣ ሽሮ (ምናልባት ዶሮው ባይበቃ)፣ በርበሬ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ ዕጣን፣ ከሰል። ሆቴሉ በእንጨት የተሠራ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ። እህቴ ከሰሉንና ዕጣኑን እንዲያስቀሩ ስትለምን እትዬ «ቡና ሳይጨስ ምኑ ቡና ነው? መስኮት ይከፈታል» አሉ። መንደሯ ቤንዚን ጭስ አላስገባም ያለችው ሳታውቀን ነው። የእሳት አደጋ መኪና እንዲገባ የተፈቀደውም አሁን ገባኝ።

ይህ ሁሉ ቴሽ ላይ ከመኪና ወርዶ፣ በጋሪ ተገፍቶ፣ ባቡር ላይ ተጭኖ፣ ዘርማት ወርዶ፣ ከጣቢያው ዝነኛ ሰዓት ያሰሩ ቱሪስቶች መሃል ተጎትቶ ሆቴል መግባት አለበት። የአክስቴ ልጅ «እኔ ምሶብ ተሸክሜ ማንም አያየኝም» ብሎ ተገዘተ። እንግዲያው ሰው ሁሉ ከፍራንክፈርት በባቡር ይሂድ፣ መርሴዲሱ ምግቡን ብቻ ይዞ ቴሽ ድረስ ይምጣ የሚል የእርቅ ሐሳብ ቀረበ፤ ሁሉም ደስ አለው፤ መኪናውም ሥራ አገኘ።

ጋሼ የስዊዝ ጉምሩክን መመሪያ ያነበቡት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ሥጋ ያለ ቀረጥ የሚገባው በነፍስ ወከፍ 1 ኪሎ ነው፤ ቅቤም እንደዚያው። አንድ ነጂ ብቻውን መርሴዲስ ሙሉ ዶሮ ወጥ ይዞ ድንበር ላይ ቢደርስ፣ ከአንዱ ኪሎ በላይ ያለው ሁሉ ቀረጥ ይቆጠርበታል። እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ቀን ወጣለት። «ስለዚህ ሰው መኪና ውስጥ መሆን አለበት!» አለ። አንድ ሰው አንድ ኪሎ ነው። ፊት ጋሼ፣ ኋላ እትዬና እህቴ፣ መሃላቸው የእህቴ የስድስት ወር ልጅ፤ እሱም በሕግ ፊት ሰው ነውና ገና ጥርስ ሳያበቅል የአንድ ኪሎ ዶሮ ወጥ ባለመብት ሆነ። የወጥ ነገር ነውና እንቁላሉ ይመዘናል አይመዘንም የሚል ክርክር ተነስቶ እኩለ ሌሊት አለፈ። ጋሼ እንቁላል ሥጋ አይደለም ባይ ናቸው፤ እህቴ ደግሞ ወጥ ውስጥ ከገባ ወገኑን ቀይሯል ባይ ናት።

እትዬ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። እህቴ ዘርማትን ለማስወደድ ስትደክም፣ በፈረንጆች በጋ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የፍየል መንጋ በዋናው መንገድ መሃል እንደሚነዳ ነግራቸው ነበር፤ ፊታቸው እስከ ወገባቸው ጥቁር፣ ከወገባቸው ወዲያ ነጭ፣ ጸጉራቸው ረጅም የሆኑ የቫሌ ፍየሎች ናቸው፤ ቱሪስቱ ተሰልፎ ፎቶ ያነሳቸዋል። እትዬ በወቅቱ «እኛ ጋ የፋሲካ ሰሞን መንገድ የሚዘጋው ማን ሆነና» ብለው አልፈውት ነበር።

«ቆይ እስቲ» አሉ አሁን፤ «ሥጋ ከዚህ ተሸክመን ለቀረጥ የምንገብረው ለምንድን ነው? እዚያው ፍየል አለ አላላችሁም?»

«እትዬ፣ እነዚያ እኮ ለቱሪስት ማሳያ የሚነዱ ናቸው፤ አይሸጡም!»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ለማንኛውም ያንን ወጥ ቤት የሚሠራውን ልጅ ስታገኙት ስንት እንደሚሉ ጠይቁልኝ።»