ማስተካከያ፦ ፖሊሽ ጭረት አይሞላም

ባለፈው ስለ መኪና ቀለም ስጽፍ «ፖሊሽ ጭረቱን ይሞላዋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ለጊዜው የሚሞላውና የሚደብቀው ሰም ነው። ፖሊሽ ክሊር የሚባለውን የላይኛውን ግልጽ ሽፋን በስሱ ይፍቃል። ጭረቱ የሚጠፋው ዙሪያው ዝቅ ስለሚል ነው። ሽፋኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ስለዚህ «በየሦስት ወሩ አስደርጉ» ያልኩትንም ሰርዙልኝ።

ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አሳልፉ። ጥፍራችሁን ከያዘው፣ በፖሊሽ አይለቅም፤ ቀለም ቀቢ ጋ ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር ቆማ የከረመችው ጥቁሯ ቪትዜ ኮፈን ላይ ግን ሌላ ነበር፦ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት። እሱ ለቀቀ። ያመጣሁትም እኔው ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ስጠርግ።